የማንም ያልሆነው ቦይ

ቀን፦ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከተማው አስተዳደር የሕዝብ አቤቱታ ሰሚ ኃላፊ
አዳማ

ጉዳዩ፦ በሰፈራችን የሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ተወስኖ፣ ክረምቱ ሳይገባ እንዲጠረግልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። በእኛ ሰፈር ሰላም ሳይባባሉ ወደ ምሬት መግባት ነውር ነው። ምሬቱ ግን ሞልቷልና ከዚህ በላይ አላስጠብቅዎትም።

1. እኔ በድሮው ወፍጮ ቤት ሰፈር ሃያ ሰባት ዓመት የኖርኩ ነኝ። ቦዩ ከላይ ከኮረብታው ይነሳል፤ አስፋልቱን ከሥሩ በቱቦ ይሻገራል፤ የመናፈሻውን አጥር ታክኮ በእኛ ደጃፍ ያልፋል። ሲጠረግ ጎርፉን ይዞ ይሄዳል፤ ሲደፈን ጎርፉ እኛ ቤት ይገባል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ቱቦው ከተደፈነ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

2. ባለቤቴ ሰይፈሚካኤል በወንጂ ስኳር ፋብሪካ በውሃ ማፍያው ቦይለር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ስትሮክ ከመታው ጀምሮ ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ያለ ሰው ከአልጋ አይወርድም። ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ጎርፉ በሩን ገፍቶ ገባ። ውሃው ፍራሹን ሲነካ፣ አፉ ደህና ነውና፣ “ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ሳፈላ ኖሬ በቀዝቃዛው ልሙት?” ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ቀልቤሳና ሦስት ጎረቤቶች የጓዳውን በር ነቅለው፣ እሱን በላዩ አስተኝተው፣ ውሃው እስከ ወገባቸው እየደረሰ ከፍ ወዳለው ወደ ጎረቤታችን ወደ ወ/ሮ ዋፊቃ ቤት አወጡት። ዋፊቃ የሟች ባሏን ጀለቢያ አለበሰችውና፣ “ሰይፌ፣ ያምርብሃል፤ እንዳትመልሰው” አለችው። እውነትም ያምርበታል። ደረቱ ግን እስከ ጥር አልለቀቀውም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ “እናቴ፣ ዳግመኛ እንዲህ ከበረደው እኔ ለነፍሱ ዋስ አልሆንም” ብሎኛል። አቤት የምለው ስለ ምንጣፍና ስለ ሶፋ አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

3. ከመስከረም ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠንቻለሁ። በሙሉ ስማቸው የማልጠራቸው ለማቃለል ብዬ አይደለም። ስማቸውን በደብተሬ ጽፌ ስሄድ በሩ ላይ ሌላ ስም ተሰቅሎ ስለማገኝ ነው። አንዱ ከጎረቤቱ ተዋሕዷል፤ ሌላው ለሁለት ተከፍሏል፤ ትናንት ጽሕፈት ቤት የነበረው ዛሬ ባለሥልጣን ሆኗል። ስለዚህ ሰፈራችን እንደሚጠራቸው መንገዱ፣ ውሃው፣ ጽዳቱ፣ አደጋው እላቸዋለሁ።

መንገዱ ዘንድ ሄድኩ። “አስፋልቱ የእኛ ነው፤ ከሥሩ የሚሄደው ግን ውሃ ስለሆነ ውሃው ዘንድ ይሂዱ” ተባልኩ። ውሃው ዘንድ ሄድኩ። “እኛ የምናውቀው በቆጣሪ የሚያልፈውን ነው፤ ጎርፍ ቆጣሪ የለውም” አሉኝ። ልክ ነው፤ የለውም። ቱቦውን የደፈነው ቆሻሻ ነውና ጽዳቱ ዘንድ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠች ጥፍሯን እንደ መስተዋት ያሳመረች ልጅ፣ ትሕትናዋን አልክድም፣ ወንበር ስባልኝ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ “ማዘር፣ ቆሻሻ የሚባለው ከቦዩ ከወጣ በኋላ ነው። ውስጡ እያለ ደለል ነው። ደለል ደግሞ በእኛ መዋቅር የለም። አውጥታችሁ ከከመራችሁት መኪና እንልካለን።” ማን እንደሚያወጣው ጠየቅኋት። “እሱን መንገዱ ያውቃል” አለችኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ አደጋው ቀርቶኝ ነበር። እነሱ ደግሞ የስልክ ቁጥር ጽፈው ሰጡኝ፤ ጎርፉ ሲገባ እንድደውል። ሳይገባስ ብዬ ብጠይቅ፣ “ሳይደርስማ አደጋ አይባልም” አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ፣ ያውም ውሻው በስልክ ከተጠራ።

4. ሁሉንም በአንድ ዓይን አይቼ እንዳልኮነን፣ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር። ወ/ሮ ሸዋወርቅ የሚባሉ የከተማው መሐንዲስ በኅዳር ወር በእግራቸው መጡ። ቦት ጫማ አድርገው ቱቦው አፍ ውስጥ ገቡ፤ ለኩ፤ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። ባለቤቴንም አልጋው ድረስ ገብተው ጠየቁት። ጥናታቸውንም ጽፈው ጨረሱ። ሐሜት አይሁንብኝና፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ እንደማይበረክት ዋፊቃ በዚያኑ ዕለት ተናግራለች። በጥር የሠራተኞች ድልድል ወጣ፤ ወ/ሮ ሸዋወርቅ ስለ ቦይ ምንም ወደማይነገርበት ክፍል ተመደቡ። ጥናቱ በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። መሥሪያ ቤታቸው ለሁለት ሲከፈል ጠረጴዛው ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ተላለፈ፤ የመሳቢያው ቁልፍ በአሮጌው መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አለ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አሁን የማይገናኙ ስለሆኑ መሳቢያው እስከዛሬ አልተከፈተም። ይህን ስጽፍ እኔው ራሴ ተረት የማወራ ይመስለኛል፤ ጠረጴዛውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

5. ደብዳቤ አልተጻፈልኝም ብዬ አልዋሽም። ሰባት ደብዳቤ በእጄ አለ። መንገዱ ለውሃው፣ ውሃው ለጽዳቱ፣ ጽዳቱ መልሶ ለመንገዱ የጻፉት ነው። በሰባቱም ላይ ስሜ ከታች፣ ከግልባጩ መስመር ላይ ይገኛል። የተጻፉት በኦሮምኛ ስለሆነ አቶ ቀልቤሳ ናቸው የሚያነቡልኝ። ሰባተኛውን ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ሰብሌ፣ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው በደንብ ይጻጻፋሉ፤ ይዋደዳሉ መሰለኝ” አሉኝ።

6. ከዚህ በኋላ ያደረግነውን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ሚያዝያ 26፣ እሑድ፣ እድሩ ተሰብስቦ ራሳችን እንጥረገው ተባለ። ለቀብር ሲሆን ያልተጠራውም የሚመጣበት እድር ነው፤ ለቦዩ ግን ይመጣ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ሠላሳ አራት ሰው ወጣ። አካፋና ዶማ የሌለው የዱቄት ጆንያ ይዞ መጣ። ከአስፋልቱ ሥር ለመግባት የቱቦውን የሲሚንቶ ክዳን ማንሳት ነበረብንና አነሳን። ያወጣነውም ሁለት የባጃጅ ጎማ፣ አንድ ፍራሽ፣ ጄሪካን፣ የውሃ ላስቲክ፣ የጫት ገረባማ አይጠየቅ። ከቱቦው ግማሹን እንኳ ሳንደርስ መሸ። ገረባው ከእነማን ቤት እንደመጣ ሴቶቹ በስም ለይተው ያወቁት ቢሆንም፣ እዚህ አላነሳውም። የከመርነውን ጽዳቱ ቃሉን ጠብቆ መኪና ልኮ አንስቶልናል፤ አመሰግናለሁ።

7. በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ግንቦት 7፣ ስምንተኛ ደብዳቤ መጣልኝ። ይህኛው በቀጥታ ለእኔ የተጻፈ ነው። የእድሩን ስብሰባ የጠራሁት እኔ ነኝና በእኔ ስም መጣ። የላከው መንገዱ ነው። አቶ ቀልቤሳ ቆመው አነበቡት፦ “የመሥሪያ ቤታችን ንብረት የሆነውን የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ክዳን ያለ ፈቃድ በማንሳትዎ በሕግ የሚጠየቁ መሆኑን አውቀው በአሥር ቀን ውስጥ ቀርበው መልስ እንዲሰጡ።” ቁጥር አለው፤ ፊርማ አለው፤ ክብ ማኅተም አለው። አቶ ቀልቤሳ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ግቢው እስኪሰማ ድረስ፣ “ሰብሌ፣ የኔ ነው አሉ እኮ! በማኅተም!” ብለው ጮኹ። ዋፊቃ እልል አለች። በእኛ ሰፈር ተከሶ እልል የተባለለት ሰው ከእኔ በፊት አላውቅም።

8. ግንቦት 15 ቀን ደብዳቤውን ይዤ ቀረብኩ። የተቀበሉኝ ኃላፊ በመጀመሪያ ተኮሳትረው ነበር። የመጣሁት ቱቦው መቼ እንደሚጠረግ ለመጠየቅ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። በር ዘጉ። “እናቴ፣ ይቅር ብለንዎታል፤ ደብዳቤውን ይመልሱልንና ነገሩ እዚሁ ይለቅ” አሉኝ። ለምን ብል፣ ደብዳቤውን ያረቀቀው አዲስ የሕግ ባለሙያ እንደሆነና የድሮ የንብረት መዝገብ አይቶ እንደተሳሳተ ነገሩኝ።

“ታዲያ ቱቦው መዝገቡ ላይ አለ ማለት ነው?” አልኳቸው።

“አለ። ግን መዝገቡ ከአዲሱ መዋቅር በፊት የተሠራ ነው።”

“ጎርፉስ ከመዋቅሩ በፊት አልነበረም ወይ፣ ልጄ?”

እጃቸውን ለደብዳቤው ዘረጉ። እኔ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከመንግሥት ቢሮ ወረቀት ይዤ ስሸሽ ዘበኛው አይቶ ስቆብኛል። ግንቦት 19 ደግሞ አንድ ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጥቶ ክሱ በቅርቡ እንደሚሰረዝልኝ አበሠረኝ። ከወ/ሮ ሸዋወርቅ ወዲህ በራሱ ፈቃድ ከመሥሪያ ቤት ቤቴ ድረስ ሲመጣልኝ እሱ የመጀመሪያው ነው፤ የመጣውም ቱቦውን መልሶ የማንም ሊያደርገው ነው።

9. ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ክሱ እንዳይሰረዝልኝ። ክዳኑን አስነስቻለሁ፤ ጥፋተኛ ነኝ፤ ለምስክር የሚጠራ ሰው አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቱ በሚከሰኝ ጊዜ ቱቦው የራሱ መሆኑን በመዝገቡ ያስረዳ፤ እኔም አልቃወምም። ቱቦው የእሱ መሆኑ በጽሑፍ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ 12 በፊት የቀረውን ግማሽ እንዲጠርግ ይታዘዝልኝ። ቅጣቴን በዚያው ቀን እቀበላለሁ። የይቅርታ ደብዳቤ ከተጻፈልኝ ግን አልፈርምም፤ የእኔ ንጹሕ መባል ሰይፈሚካኤልን ከአልጋው አያነሳውም።

የዚህ አቤቱታ የኦሮምኛ ትርጉምና የግንቦት 7ቱ ደብዳቤ ኮፒ ተያይዘዋል። ዋናውን ለማየት የሚፈልግ ቤቴ መጥቶ ማየት ይችላል፤ ከእጄ ግን አይወጣም።

ከሰላምታ ጋር፣ ውሳኔዎ ዝናቡን እንዲቀድመው በመለመን፣

ፊርማ __________

ሰብለወንጌል ማስረሻ
ተከሳሽ