በነፃ የተገኘ ትርጉም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ብትጠይቅም ባትጠይቅም ደህና ነን።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የእማዬን የሐኪም ወረቀት ፎቶ አንስቼ ብልክልህ፣ «ቢዚ ነኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ነፃ መዝገበ ቃላት ሞልቷል» ብለህ መለስክልኝ። እግዜር ይስጥህ፣ አገኘሁት። ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የወረቀቱን ቃላት ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አስገባሁ። አንዱን ቃል አራት ጊዜ ፈለግኩት። ሌላ መዝገበ ቃላትም ከፈትኩ። እነሱ እንደ ዘመድ አይጣሉም፤ የሚሉት ሁሉ አንድ ነው።

ለእማዬ «ደህና አድርገሽ ብዪ ነው የሚለው» አልኳት። «ይበል እንግዲህ» አለችኝ። ቀሚሶቿን ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አጠበብኩላት። «ጨርቁ እየሰፋ አስቸገረን እኮ!» እያለች ትስቃለች።

ትናንት ግን መዝገበ ቃላቱ የተፈለጉትን ቃላት ከነሰዓታቸው በዝርዝር እንደሚያስቀምጥ አየሁ። ስልካችን አንድ መሆኑን ታውቃለህ። ለካ እኔ የደንበኛ ልብስ ላደርስ በወጣሁበት ያንኑ ቃል እሷም ፈልጋዋለች። እኔም አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም፤ ስለ ክርና ስለ ቁልፍ እያወራን እንውላለን።

ከዚያ ቀጥላ የፈለገችው ያንተን «ቢዚ» ነው። ምናልባት ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ብላ ነው መሰለኝ፣ እሱንም አራት ጊዜ ፈልጋዋለች።

እኔም አየሁት፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሰላምታችን ጊዜ ባገኘህ ሰዓት ይድረስህ። እማዬ «ሥራውን ይባርክለት» ብላሃለች።

እህትህ