ወንዙን ብቻዬን ተሻገርኩ

ውዴ ታደለ፣

ከተለየኸኝ ስድስት ወር ሞላህ። ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው በር ዛሬም ሲዘጋ ይጮኻል፤ ዘይት እቀባዋለሁ እንዳልክ ሄድክ፣ እኔም እልህ ይዞኝ አልቀባሁትም። የደም ስኳር መለኪያህን ለጎረቤት ሰጠሁ። ልጃችን ሰላም ከባሕር ዳር በየሁለት ቀኑ ትደውላለች።

ሐኪሙ በእግርህ ተንቀሳቀስ ካለህ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምንዞራትን መንገድ ታውቃታለህ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በጥዱና በወይራው መሃል ወርደን፣ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጠን ወንዙን ተሻግረን፣ ዳርቻውን ይዘን፣ በላይኛው ድልድይ ወደ ቤት። ገበሬዎቹ ወዴት ናችሁ ሲሉ የትም ማለት ታፍር ነበር። ያለ ጉዳይ የሚዞር ትልቅ ሰው የት ይታወቃል? አንድ ቀን ጊደር ጠፍታብን ነው ብለህ ሦስት ሰው ሥራውን ጥሎ ጫካውን አብሮን ሲያስስ አረፈደ። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት ስትላቸው እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ እስቅ ነበር።

አርባህ እንደወጣ ብቻዬን ወጣሁ። እጅህን የምትሰጠኝ አንተ ነበርክና መሻገሪያው ላይ ስደርስ ፈርቼ ቆምኩ። ከወንዙ ማዶ የምትኖረው ገበሬዋ ይመኙሻል፣ ጥቁር ለብሼ አቀርቅሬ ወንዝ ዳር ቆሜ ስታየኝ፣ ውሃ ልትገባ ነው ብላ እሪ አለች። ባሏ ማጭዱን ጥሎ ደረሰ። ልጅ እያለዎት ምነው እያሉ፣ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ቤት ድረስ አስገቡኝ። ጤና ለመጠበቅ ነው ብል ማን ይስማኝ። ሰላምም ሰማችና ወንዝ እንዳልወርድ ቃል አስገባችኝ።

ከአራት ወር በላይ ከሰፈር አልራቅኩም። የከፋኝ መታሰሩ አይደለም። ፊትህን በፎቶ አየዋለሁ፣ ድምፅህ በሰላም ስልክ ውስጥ አለ፤ አካሄድህ ግን ከመንገዳችን ሌላ የትም የለም። ያችን መንገድ ከተውኳት እሱም እንደሚጠፋብኝ አውቄ በጣም ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ለሰላም ደውዬ ቃሌን መልሺልኝ አልኳት። ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ አለችኝ። ጫካው ውስጥ ገባሁ፤ ጥላው ገና ይበርዳል። ወንዙ ጋ ስደርስ ይመኙሻልን ከሩቅ ተጣርቼ ሰላም አልኳት፤ ዝም ብዬ ልዞር ነው የመጣሁት አልኳት። እንዳላመነችኝ ያስታውቃል፤ ማዶ ሆና ጠበቀችኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ እየተንገዳገድኩ ተሻገርኩ። ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር።

ይመኙሻል ልትተወኝ አልቻለችም፤ ዳርቻውን ይዤ ስሄድ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ እማማ፣ ማንን ነው እሚጠብቁ ብላ ጠየቀችኝ። የምን መጠበቅ ልላት ስል ልብ አልኩ። ለካ በየኩርባው እቆማለሁ፤ አንተ ወገብህን ይዘህ፣ ውሃውን የምታይ መስለህ ትንፋሽህን ትሰበስብ የነበረበት ቦታ ሁሉ ላይ። እኔ አልደከመኝም ነበር።

ማንንም አልኳት፤ እንባዬ ግን መጣ። አንተ ትንፋሽህን የምትሰበስብበትን ያህል ቆሜ ቀጠልኩ። እግሬ እስከቻለ ድረስ በየኩርባው እቆምልሃለሁ፣ ታደለ፤ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ያንተው አልማዝ