አርባ ስምንቱ ሰዓት ከመቼ ይቆጠራል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።
ወንድሜ ከተወሰደ ሰባ አንድ ሰዓት ሆነው።

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ተስፋ በአክብሮት እገልጻለሁ። በርዎ ሲንኳኳ ማን ይሆን ብለው የማይደነግጡ እንዲሆኑም ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቅዳሜ ወዲህ በሩ ሳይንኳኳም እነሣለሁ።

ከገበያው ማዞሪያ ጥግ ያለችው የጠባቧ ሱቅ ባለቤት፣ ሰዓት ሠሪው ነኝ። የእርስዎም የእጅ ሰዓት ባለፈው ሳምንት በሾፌርዎ በኩል ወደ እኔ መጥቷል፤ ስለ እሱ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ ለሱቄ በር።

በቅድሚያ ምስጋና። የንግድ ፈቃድ የሚያሳድስ ሁሉ ስምንት ቅዳሜ የሕገ መንግሥት መሠረታዊ ትምህርት እንዲከታተል ማዘዝዎ ትልቅ ውለታ ነው። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ እንኳ ይህን ሁሉ መብት እንደያዝኩ አላውቅም ነበር፤ ባለማወቄም ተረጋግቼ እኖር ነበር። ሥልጣን በሦስት እንደሚከፈል፣ አንዱ ሕግ እንደሚያወጣ፣ አንዱ እንደሚያስፈጽም፣ ዳኛው ደግሞ ማንንም እንደማይፈራ በጠመኔ ተሥሎ አይተናል። እኛ ተማሪዎች «አንቀጽ» የምንለው አስተማሪያችን ሦስቱን ክቦች ሲሥል እንዳይነካኩ በጣም ይጠነቀቃል። አጠገቤ የምትቀመጠው የሱቅ ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ ክቦቹን አይታ፣ ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ምድጃ ነው ወይ ብላ በጆሮዬ ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄዋን በወረቀት ስላላሰፈረች ዛሬም ዳቦ ትጋግራለች።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ። በስድስተኛው ቅዳሜ፣ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበት ተማርን። ጥያቄ ያለው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ በነጻነት እንድንጠይቅ ታስቦ ስም አይጻፍበትም። ስም አይጻፍ ተባለ እንጂ ስም አይጠየቅ ስላልተባለ፣ አስተማሪያችን አንዱን ወረቀት አንብቦ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የማን ነው?» ማለቱን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነበር፦ አርባ ስምንቱ ሰዓት የሚቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ነው ወይስ መዝገብ ላይ ከተጻፈበት? ታናሽ ወንድሜ፣ ቀለም ቀቢው፣ እጁን አወጣ። ከኋላ ወንበር ሁለት ሰዎች ተነሡና ለአምስት ደቂቃ ማብራሪያ እንደሚፈልጉት ነገሩት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሁለተኛ። ወንድሜ አስም አለበት፤ የቀለም ሽታ ነው ደረቱን የጎዳው። የሚነፋው መድኃኒት ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። እሑድ ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ጥበቃዎ፣ እዚህ ለሌለ ሰው ዕቃ አንቀበልም አለኝ። ሰኞ ጸሐፊዎ መዝገቡን ገልጣ ስሙ የለም አለችኝ፤ ደግ ሴት ናት፣ ደግማ ፈለገችልኝ። እንግዲህ ጥያቄው ተመልሷል ማለት ነው፤ ያልተጻፈ ሰው ሰዓቱ ገና አልጀመረም። በተግባር የተደገፈ ትምህርት ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

ሦስተኛ። ይህኛው በእኔ ላይ የቀረበ ቅሬታ ነው፤ ሌላ ተቀባይ ስለሌለው ከእርስዎ ጋር አስገባሁት። የዚያን ቀን መነጽሬን ሱቅ ረስቼ ነበር። ጥያቄው የእኔ ነው። እኔ በጆሮው ነገርኩት፣ እሱ ጻፈልኝ። የማን ነው ሲባል ወንድሜ ጽሑፉን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አወጣ። ሥራዬ ነውና ጊዜውን አውቀዋለሁ፤ ከጥያቄው እስከ እጁ አራት ሰከንድ፣ ከዚያ ደግሞ በሩ በስተኋላው እስኪዘጋ ሁለት ደቂቃ ያህል። ያን ሁሉ ጊዜ እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የወንድሜ ሚስት ሱቅ መጥታ ቆማ አየችኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሰዓት እንኳ አያስርም። ጥያቄው የማን ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። መልሱን ዛሬ ማታ ስትመለስ ከሱቄ በር ላይ ታነበዋለች።

ስለዚህ በስህተት የተያዘውን ቀለም ቀቢ መልሰው ትክክለኛውን ሰው እንዲረከቡ በትሕትና አመለክታለሁ። መኪና መላክ አያስፈልግም፤ በእግሬ እመጣለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ስገባ ጸሐፊዎ ስሜን ከነሰዓቱና ከነደቂቃው መዝገብ ላይ ታስፍርልኝ።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር። ሰዓቱን አይቼ ተውኩት።

ስምንቱ ቅዳሜ ሳያልቅ ትምህርቱ የገባው፣ ለሰጡት ዕውቀት ሁሉ ባለዕዳዎ የሆነው፣
ታዛዥ ተማሪዎ ሰዓት ሠሪው

ማስታወሻ፦ የእጅ ሰዓትዎ ተሠርቷል። በቀን ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀር ስለነበር፣ በእሱ ለሚቆጥር ሰው አርባ ስምንት ሰዓት ቶሎ እንደማይሞላ ተረድቻለሁ። አሁን ልክ ነው፤ ሰበብ የለዎትም። ከጃኬቱ ጋር ይዤዋለሁ።

ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ይሆናል። የአንድ ደንበኛ የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ እንደተፈታ ነው፤ ባለቤቱ ይታገሠኝ። ቁልፉን ለዳቦ ጋጋሪዋ እሰጣለሁ። ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ወጣሁ።