የግራ እጅሽ ትርታ

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ጤናሽን የምጠይቀው ግን ለወጉ ያህል አይደለም። ግራ እጅሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ እጅ መጠየቄ ሳይገርምሽ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፀጉር ቤታችን ውስጥ የደንበኛ ፀጉር ሳደርቅ ግራ እጄ ይዝል ጀመር። ማድረቂያውን ከፍ አድርጌ ይዤ አንድ ራስ ሳልጨርስ ክንዴ እንደ እርጥብ ፎጣ ይወርዳል። ሳሳርፈው ይመለሳል፤ ደግሜ ሳነሳው ያው ነው። በሠላሳ አንድ ዓመቴ እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።

በኋላ አንዲት ነርስ ደንበኛዬ እጄን ይዛ ትርታዬን ብትፈልግ አጣችው። "ሞቼ ነው እንዴ ስተኩስሽ የዋልኩት?" ብላት አልሳቀችም። በማግስቱ ራሷ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። የደም ግፊቴን በሁለቱም እጄ ለካችው፤ ቀኙና ግራው የአንድ ሰው አይመስሉም ነበር። ምስል አስነስታኝም አስረዳችኝ፤ ወደ ክንዴ የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ግድግዳው ተቆጥቶ አብጧል፣ መንገዱም ጠቧል። እጄ የሚዝለው ደም በቅጡ ስለማይደርሰው ነው። አንዳንድ ሰው ለዚህ ተጋልጦ ይወለዳል አለችኝ፤ ተጋላጭነቱ በዘር ይወርዳል፣ በሽታው ግን የወረሰውን ሁሉ አይዝም። ከቤተሰብ እጁ የሚዝል ሰው አለ ወይ ስትለኝ የለም አልኩ። ደረጃውን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ እግሬ ቆመ። ተመልሼ በሯን አንኳኳሁና "አለች፤ እኛ ሰነፍ ነበር የምንላት" አልኳት።

እታለም፣ ሰነፍ አልነበርሽም። የደንበኛ ፀጉር ግማሹ ደርቆ ግማሹ ረጥቦ፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ ክንድሽን ስታሺ፣ "ይቺ ደግሞ ሥራ ስታይ ያማታል" ያልኩት እኔ ነኝ። እናታችን ከእኔ አፍ ነው የተቀበለችው።

አሁን መድኃኒቴን እውጣለሁ። ፊቴ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ክንዴ ግን ነፍስ እየዘራ ነው። በጊዜ የተያዘ ሰው ሥራውን እየሠራ ይኖራል ብላኛለች ሐኪሟ፤ እንደምኖርም አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ አንቺ በሐኪም ሳትታዪ መክረምሽ ነው። ለወሩ መጨረሻ ማክሰኞ እሷ ዘንድ ሁለት ስም አስመዝግቤያለሁ፣ የእኔንና ያንቺን። ሰበብ አልሰማም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከቤት የወጣሽ ዕለት አንገቷ የተቃጠለችውን ደንበኛ ታስታውሻለሽ። ሁሉም ስለ አንቺ "እጇ ዝሎ መተኮሻውን ጣለችባት" አለ፤ አንቺም ዝም አልሽ። መተኮሻው ግን በእኔ እጅ እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን።

ባለፈው እሁድ ለእናታችን ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ተነሥታ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበርሽን ስትወለውል ቆየችና "ጻፊላት፤ እኔማ በምን እጄ ልጻፍላት" አለችኝ።

ክንድሽን ያበርታልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ።

ይቅርታሽ ቢዘገይ እንኳ መምጣትሽን የምትጠብቅ
ታናሽሽ