ቆጣሪዋ ቤታችን የገባች ቀን

ልጄ፣ ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ። በስልክ ለቅሶ ያቋረጠኝን ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ።

የወንድምሽን መርዶ የሰማሁት ማክሰኞ ነው። የሕዝብ ቆጣሪዋ ሳሎን ተቀምጣ «እማማ፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ናችሁ?» ስትለኝ «እኔና ሹፌሩ ልጄ» ብዬ አስጻፍኳት። ገና ሳትነሳ ባልደረቦቹ ገቡ፤ ለካ መኪናው ጠዋት ተገልብጦበት ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ቆጣሪዋ ልታስተዛዝነኝ መጣች። «በይ ሰርዢው» አልኳት። «አይሰረዝም እማማ፤ ሰኞ ሌሊት በሕይወት የነበረ ሁሉ ይቆጠራል» ብላ አቀፈችኝ።

ሰፈሩን አሁን ብታዪው አታውቂውም። ልጆቹ እንዳንቺ ወጥተው፣ ወላጆቹም አልፈው፣ በየቤቱ የሌላ አገር ሰው ገብቷል። ቋንቋችንን የምንናገር እኔና ልብስ ሰፊው ብቻ ቀረን። ማን አብሮኝ ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እነሱ ግን እየተፈራረቁ ከጎኔ ዋሉ። ፎቅ ያለችው ሴትዮማ በራሷ ቋንቋ ስታለቅስ፣ ልብስ ሰፊው «ምን እንዳለች እንጃ፣ ከእኔ ግን ትበልጣለች» ብሎ አሳቀኝ፤ ከዚያ ለቅሶው ባሰብኝ።

ምግብ እንዳትተዪ አደራ። አንድ ልመና አለኝ፤ እዚያ ያሉ ጎረቤቶችሽን ሰብስቢና፣ እያንዳንዱ በሚያውቀው ቋንቋ ለወንድምሽ ነፍስ ይጸልይልኝ።

እናትሽ