ስለ ብልሁ ቶርፔዶና ስለ ታሰረው የምሥራች ነጋሪ

ለሐይቁ የቶርፔዶ መሞከሪያ ጣቢያ ክቡር አዛዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና ከሁሉም በላይ አጥርዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከኢሲክ-ኩል ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ የምጽፍልዎ ቡሩልቻ ነኝ፤ ባለቤቴ ዓሣ አጥማጁ ሼርኩል እርስዎ ዘንድ ከታሰረ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ስለሆነ፣ ላመሰግንዎ ብዬ ነው።

፩ኛ፦ በሬዲዮ እንደ ነገሩን፣ በውሃ ውስጥ የሚተኩሱት አዲሱ ቶርፔዶዎ መንገዱን ራሱ ያስባል፣ መሰናክል ያያል፣ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንኳን ደስ አለዎ! ይህ ሊቅ የባለቤቴ መረብ ውስጥ ገብቶ እንደ ሰነፍ ዓሣ ተጠቅልሎ ተገኝቷል። አሮጌዎቹ ምንም አያስቡም ነበር፤ ቀጥ ብለው ሄደው፣ ተንሳፍፈው፣ የሚያነሣቸውን ሰው በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር።

፪ኛ፦ ሼርኩል መረቡን ቀዶ ዕቃዎን ፈታው፤ በጀልባው እየጎተተም ግማሽ ቀን ቀዝፎ በርዎ ድረስ አመጣልዎና «ሱዩንቹ!» አለ። በእኛ አገር የምሥራች ያመጣ ሰው ይህን ብሎ ስጦታውን ይቀበላል፤ የቀድሞው አዛዥ አንድ ጥቅል ሻይ ሰጥተው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ይሸኙት ነበር። ሩቅ አገር ያደጉት መኮንንዎ ግን «ወታደራዊ ምሥጢር ሰርቆ ማስለቀቂያ ጠየቀ» ብለው መዘገቡት። ባለቤቴ አመድ አፋሽ ሆነ። በር ላይ ቆሜ «ሻይ እኮ ነው የጠየቀው፣ ልጄ!» ስለው ዘበኛው «እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱ ማስለቀቂያ ነው የሚለው» አለኝ።

፫ኛ፦ ሼርኩል ሳንባው ብርድ አይችልም። ካፖርቱንም መድኃኒቱንም ይዤ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። እዚህ ላይ የማሾፍ አቅም አጣሁ፤ ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ።

ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ግማሽ ቀን ጎትቶ የባለቤቱን በር የሚያንኳኳበትን አዲስ የሌብነት ዓይነት ስላገኙልን ግን መላው መንደራችን ያመሰግንዎታል።

የሚተኩሱት ሁሉ ዒላማውን እንዲመታ፣ መረባችንን ግን እንዲስት ከልብ የምትመኝልዎ፣ ታማኝና እስከ አሁን ያልታሰረች አክባሪዎ፣
ቡሩልቻ፣ የሼርኩል ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ረፋድ ላይ ሁለተኛው ሊቅዎ ከሸንበቆው ማዶ ተንሳፍፎ ታየ። ምሥጢር እንዳናይ መንደሩ በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶታል። ነፋሱ ወደ ጥልቁ እየገፋው ነው። ያንን ውሃ ቀዝፎ ገብቶ የሚያወጣልዎ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የት እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ።