ከጥፊው በኋላ የመጣው እርቅ

ልጄ የትነበርሽ፣ የቁስቋሟ እመቤት በሄድሽበት ትከተልሽ። እኛ ከንዴቱ በቀር ደኅና ነን፤ ላሟም ሸጋ ጥጃ ወልዳለች።

ወንድምሽ ሙሉሰው ለሚሠራበት ሬዲዮ ስለ ውኃው መጥፋት ሲጠይቅ የምክር ቤት ተመራጫችን በጥፊ ሲመታው የሚያሳየውን ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ከለጠፍሽው ወዲህ ቤታችን ሽማግሌ ተለይቶት አያውቅም። ትናንት አስታረቋቸው። የመታው ሰውዬ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ታናሽ ነህ ብለው ሙሉሰውን አሸከሙት። ጉንጩ እንኳ ገና እንዳበጠ ነው። ሰውዬው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ “ይቅር ብዬሃለሁ” አለው። ምነው አባቶቼ ብላቸው፣ ለሰላም ነው አሉኝ።

ሲወጡም፣ ቪዲዮውን አጥፊው ብለሽ ለልጅሽ ጻፊላት ብለው ቃል አስገቡኝ። ይኸው ጻፍሁልሽ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

እግዜር ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ። አደራሽን ልጄ፣ እንዳታጠፊው።

እናትሽ ዝናሽ